በጣቶቹ መካከል ያኖርኩት ሳንቲም

ማክሰኞ፣ በየካቲት አጋማሽ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። ካዛንቺስ ውስጥ ለፎቅ መሠረት በሚቆፈር ጉድጓድ የሰው አጽም ተገኘ። አራት ሰዓት ሳይሞላ በቀኝ እጁ የጣት አጥንቶች መካከል አንድ ሳንቲም አኖርኩ።

የአጽሙን መገኘት ጽፌ አሳትሜዋለሁ። የሳንቲሙን ነገር ለባለቤቴም ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ሃያ ሁለት ዓመት በጋዜጠኝነት ስሠራ ያልተጣራ ነገር አልጽፍም የምል ሰው ነኝ። ይህንንም በቅደም ተከተሉ እጽፈዋለሁ።

ሳንቲሙ የምኒልክ ዘመን ግርሽ ነው። ያገኘው የእስካቫተሩ ሾፌር ሲሆን፣ ያገኘውም ከአጽሙ አጠገብ ሳይሆን ከጉድጓዱ ማዶ ከተቆለለው አፈር ላይ ነው። አጽሙን አራት ጊዜ ፎቶ አነሳሁት። ከአፈሩ ጋር አንድ ቀለም ስለነበረ ጎልቶ አልታይ አለ። ሾፌሩ ከላይ ሆኖ ያየኛል።

«ጋሼ፣ ሰውዬው ፈገግ እስኪልልዎት ነው የሚጠብቁት?» አለኝ።

ሳቅሁ። ወጥቼ ሳንቲሙን ተቀበልኩትና ተመልሼ ወርጄ አስቀመጥኩት። አምስተኛው ፎቶ ጥሩ ወጣ። ስልኬ ሲጠራ ሳንቲሙን ሳላነሳ ወጣሁ። ረስቼው ነው? ራሴን ስጠይቅ አንዳንዴ አዎ እላለሁ፣ አንዳንዴ አይደለም። ስለዚህ ረስቼው ነው ብዬ መጻፍ አልችልም።

ከሰዓት በኋላ ዶክተር ሰብለ የምትባል የአርኪዮሎጂ ባለሙያ መጣች። አንድ አጥንት ከማንሳቷ በፊት እያንዳንዱ ነገር የተኛበትን ቦታ ትለካለች፣ ወረቀት ላይ ትስላለች። በእሷ ሙያ የት እንደተገኘ የማይታወቅ ዕቃ ምንም አይናገርም። ሳንቲሙ ጋ ስትደርስ ቀና አለች።

«ከጠዋት ጀምሮ የነካ ሰው አለ?»

«የለም» አልኩ። ሥራው ስለቆመ ሾፌሩ ወደ ቤቱ ሄዷል።

ሳንቲም ብቻውን ብዙ አያረጋግጥም፤ ቀብሩ ከሳንቲሙ በፊት አለመሆኑን እንጂ ስንት ዓመት ቆይቶ እንደሆነ አይናገርም። ዶክተሯ ይህን ታውቃለች። ነገር ግን በእጅ ውስጥ የተያዘ ሳንቲም ከሟቹ ጋር እንደተቀበረ ይቆጠራል። ልብስም የልብስ ቁልፍም አልተገኘም። ግንባታው ቆሞ ነበርና ሁሉም ይቸኩል ነበር። መዝገቡ ላይ «የድሮ ቀብር» ተባለ፣ ፖሊስ ፋይሉን ዘጋ፣ አጥንቶቹ በሳጥን ሆነው መጋዘን ገቡ። እኔም ርዕስ አወጣሁለት፤ «ግርሽ ጨብጦ የተቀበረው ሰው»።

በሳምንቱ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ አዛውንት ጋዜጣውን ይዘው ከቂርቆስ በእግራቸው ቢሮዬ መጡ። ወንድማቸው ተስፋዬ በደርግ ጊዜ፣ በሃያ ዓመቱ፣ ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። ታስሮ የነበረው አሁን ጉድጓዱ በተቆፈረበት ግቢ እንደነበረ ሰምተዋል።

«ልጄ፣ በደም ይለያል ይላሉ። እኔን ይውጉኝና ያስተያዩት። ማለቴ፣ ከእኔ ሌላ የቀረው ዘመድ የለም፤ እኔ ሳልሞት ይሁን።»

«እናቴ፣ ይሄኛው የምኒልክ ዘመን ሰው ነው። ሳንቲሙን አይተውታል» አልኳቸው።

ፎቶውን ደግመው አዩት። «አዎ። የኛው ተስፋዬ እጅ ላይ ሳንቲም አድሮ አያውቅም» ብለው ትንሽ ሳቁ። «ሥራ አስፈታሁህ፣ ይቅርታ» ብለውኝ ወጡ።

እሳቸው እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ። ሳንቲሙን ያኖርኩት እኔ ነኝ። አልተነካም ያልኩት እኔ ነኝ። ያንኑ ሳንቲም ማስረጃ አድርጌ የመለስኳቸውም እኔ ነኝ። በዚያች ደቂቃ የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ምን ፈራሁ? ሥራዬን ማጣት? አይደለም፤ ማስተካከያ ይወጣ ነበር፣ በቃ። የፈራሁት ለስሜ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ዶክተር ሰብለ ለሌላ ጥናት ከአጽሙ አንድ የኋላ መንጋጋ ጥርስ ወስዳ ውጭ አገር ላለ ቤተ ሙከራ ላከች። የኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች ከተጀመሩ ወዲህ በአየር ውስጥ አንድ ዓይነት ካርቦን በዝቷል፤ በዚያን ጊዜ ያደገ ጥርስ ያንን ይዞ ይቀራል። በምኒልክ ዘመን ሰው ጥርስ ውስጥ ያን ያህል ሊገኝ አይችልም። በዚህ ጥርስ ውስጥ ተገኘ። መጠኑ እንደሚያሳየው ሰውየው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ልጅ ነበር።

ደውላ ስለ ሳንቲሙ ደግማ ጠየቀችኝ። «ላጣራና እደውላለሁ» አልኳት። ምን የማጣራው ነገር ነበረኝ? ስልኩን ዘግቼ ቂርቆስ ሄድኩ። ወይዘሮ አስካለ ባለፈው ነሐሴ አርፈዋል። ጎረቤታቸው እንደነገረችኝ ልጅ አልነበራቸውም።

ይህ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ለዶክተር ሰብለ ይደርሳታል። እሷን ይቅርታ እጠይቃለሁ። በወይዘሮ አስካለ ፋንታ ይቅር እንዲለኝ ግን ማንንም አልጠይቅም።

ትናንት መጋዘኑ ሄጄ ሳጥኑን አየሁት። በላዩ የተለጠፈው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ ወንድ፤ ዕድሜ ከአሥራ ስምንት እስከ ሃያ ሁለት፤ ዘመድ ያልተገኘለት።