የእህቴ ወርቅ በኔ ክፍል

እህቴና እኔ አንደኛ ክፍል የገባነው በአንድ ቀን ነው። እሷ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እኔ የታመመች እናታችንን ሳስታምም ቆይቼ ለአቅመ ሔዋን ደርሻለሁ። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ጥግ። ደብተሬ ከሷ ደብተር ይልቅ ንጹሕ ነበር፤ መምህሩ የሚያወድሰው ግን እሷን ነው። «ይቺ እንቦቀቅላ ስትመልስ አንቺ ምን ሆነሻል?» ይለኝ ነበር።

አሁን እሷ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ ትመራመራለች። እኔ ዲግሪዬን በየክረምቱ ተምሬ እዚሁ አገራችን ዘመሮ ከተማ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። አባታችን ቄስ ናቸው። ስለ ልጆቻቸው የጠየቃቸውን ሰው «ተመራማሪዋ ደህና ናት» ይሉና፣ ቆየት ብለው «ትልቋማ እዚሁ አለች» ይላሉ።

አምና ለእረፍት ስትመጣ ርዕሰ መምህሩ ለተማሪዎቼ እንድታወራላቸው ለመናት። ለመናት፤ እኔን አልጠየቀኝም። የራሴ የምላት አንዲት ክፍል ብቻ ነበረችኝ፣ እሷንም ልትወስድብኝ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

የዚያን ቀን ጠዋት ጉሙ ደጁን ሞልቶት ነበር። ልጆቹ ሹራባቸው እንደራሰ ገብተው ተቀመጡ። ለኔ ጸጥ ብለው የማያውቁትን ያህል ጸጥ አሉላት። በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

«ወርቅን ጥቂት አተሞች ብቻ ያሉት ቅንጣት እስኪሆን እናሳንሰውና ሴሚኮንዳክተር ላይ እናሳርፈዋለን» አለች። «ሴሚኮንዳክተር ኤሌክትሪክን እንደ ብረት የማያሳልፍ፣ እንደ ጎማም ጨርሶ የማይከለክል ነገር ነው። ቅንጣቶቹ ትንንሽ እንደሆኑ ከቆዩ፣ በፀሐይ ብርሃን የቆሸሸ ውሃ ለማጽዳት ያግዛሉ። ግን ሲሞቁ እየተጣበቁ ያድጋሉ። ካደጉ ሥራ ይፈታሉ።»

«ሥራ የፈታውን ለኛ ይላኩልን» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። እኔ እንዲህ ከነሱ ጋር ስቄ አላውቅም።

ፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ለምንድን ነው የሚጣበቁት?»

«ይቀልጡና ይፈስሳሉ» አለች እህቴ።

አይቀልጡም። በዚያ ሙቀት ቅንጣቱ ጠጣር እንደሆነ የሴሚኮንዳክተሩ ገጽ ላይ ይንሸራተታል፣ ከሌላው ይጋጠማል። ይህን ከኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ለገጠር ልጆች ይቅለልላቸው ብላ ነው። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ስህተቱ በስሟ ይቆጠር ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ ልጅቷ ደብተሯ ላይ «ይቀልጣል» ብላ ስትጽፍ አየሁ።

«አይቀልጥም» አልኩ። «ሰርዢው።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። «መስኮቱን እዩት» አልኳቸው። መስታወቱ ላይ ያረፈው ጉም ጠብታ ሆኖ፣ ጠብታው ከጠብታ እየተጋጠመ ቁልቁል ይወርዳል። «አሁን ሹራባችሁን እዩ።» ያው ጉም በሹራቡ ፀጉር ጫፍ ጫፍ ለየብቻው ተንጠልጥሏል። «ልሙጡ መስታወት መያዣ የለውም። ሴሚኮንዳክተሩም ልሙጥ ሲሆን ወርቁ ይንሸራተታል። ከተሠራባቸው የኦክስጅን አተሞች አንዱ ገጹ ላይ የጎደለበት ቦታ ካለ ግን ወርቁ እዚያ ይያዛል። ምሳሌው ሙሉ አይደለም። ወርቁ ጠጣር ነው፣ ውሃ አይደለም። ይህንንም ጻፉ።»

ፊቷ ሲቀላ ለማየት ወደ እህቴ ዞርኩ። ከቆመችበት የለችም። ልጅቷን አስጠግታ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ እስክሪብቶ ተውሳለች።

«እትዬ፣ የጎደለው ቦታ ከበዛስ?» አለች እህቴ።

«ገጹ ራሱ ይበላሻል። ታውቂው የለም እንዴ?»

«አውቃለሁ። እንዲህ አድርጌ ግን ተናግሬው አላውቅም።»

«ቲቸር፣ ታዲያ ተመራማሪዋ የትኛችሁ ናችሁ?» አለ ያ ከኋላ የቀለደው ልጅ።

«እሷ ናት» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ፤ ከሁሉም ጮክ ብላ የሳቀችው እህቴ ነበረች።

ክፍሌ የኔው ሆና ቀረች። ወደ ቤት ስንሄድ ክንዴን ይዛ ስለ መስኮቱ ታወራ ነበር። በትምህርቷ ለዓመታት ቀንቻለሁ። የዚያን ቀን ግን የቀናሁት ከልጆቹ መሃል ለመማር በመቀመጧ ነው። የታረምኩት እኔ ብሆን ኖሮ እዚያው ሰሌዳው ሥር እንደቆምኩ እቀር ነበር።