የቄስ ሚስት ምስክርነት

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ባለቤቴ ቄስ ናቸው፤ ክረምት ውሃ በሚተኛበት በፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ያለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ያገለግሉ ነበር። ዘመኑ የንጉሡ ነው። ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ ታናሹ ገና ጡት አልተወም።

ጎረቤቴ ባሏን በወባ ያጣች ሴት ነበረች። ልጅ የላትም። መሬቷን ለሌላ ገበሬ የእኩል ሰጥታ አንዲት ላሟን እያለበች ትኖር ነበር። የባሏ ሙት ዓመት ሲደርስ ለመገበሪያ፣ ለቅዳሴው ኅብስት የሚሆን ስንዴ ለቤተ ክርስቲያን ለመስጠት አሰበች። እኔ ላግዛት ቃል ገብቼ ነበር። እሷ አንዱን ስልቻ ተሸክማ ቀደመች፤ እኔ ሌላውን ይዤ፣ ልጁን አጥብቼ፣ ዘግይቼ ተከተልኩ።

ስንዴውን የሚረከበው የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቀው ገበዝ ነበር። እሱም ቄስ ነው። ባሏን ጸሎተ ፍትሐት አድርሶ የቀበረ፣ እሷንም “ልጄ” እያለ የሚጠራ ሰው። ዕቃ ቤቱ ዘንድ ስደርስ በሩ ተዘግቷል። ከውስጥ “ኧረ በማርያም!” ስትል ሰማኋት። ስልቻውን ጥዬ በሩን በትከሻዬ ገፋሁት።

ያየሁትን ለዳኛው ተናግሬዋለሁ፤ እዚህ አልደግመውም። እሱ ልብሱን እየሰበሰበ በአጠገቤ አልፎ ወጣ። ስንዴው መሬት ላይ ተበትኖ ነበር። እሷ ቁጭ ብላ አንድ አንድ ፍሬ ትለቅማለች። “ተይው እንሂድ” ብላት አልሰማችኝም። ምን ላድርግ፣ እኔም አብሬያት ለቀምኩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያንን ሰው “እርሳቸው” ማለት አቃተኝ።

ባለቤቴ ነገሩን ከእኔ ሰሙ። ከዚያ ተነሥተው ለደብሩ አለቃ ነገሩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱ ተሰበሰቡ፤ ገበዙም “ሰይጣን አሳሳተኝ” ብሎ አመነ። በሥርዓቱ እንዲህ ያደረገ ካህን ክህነቱ እንደሚፈርስ ሁሉም ያውቃሉ። አለቃው ግን ቀኖና ሰጡት፤ ጾምና ስግደት። ከዚያም ሰው እስኪረሳው ብለው በይፋግ በኩል ወዳለ ሌላ ደብር ሰደዱት፤ የት እንደሆነ እኔና ጎረቤቴ ያወቅነው ኋላ ነው። የሸኙበትን ደብዳቤ የጻፉት ባለቤቴ ናቸው፤ የእጃቸው ጽሕፈት ያምር ነበርና። ደብዳቤው “ጠባዩ የተመሰገነ” ይላል።

ጎረቤቴ አለቃው ዘንድ ቀርባ፣ “ለእኔስ ምን አላችሁ?” አለቻቸው።

“አንቺም ልጄ፣ ሱባኤ ያዢ። ይቅር በይው” አሏት።

በማግስቱ ቤቴ መጣች። “ወረታ ሄጄ ልከስ ነው። አይቻለሁ ትያለሽ?”

“እላለሁ” አልኳት። ሳላስብ ነው ያልኩት። የሚመጣውን ባውቅ እንደዚያ ፈጥኜ እል እንደሆነ እንጃ።

ክሱ የገባው በሐምሌ ነው። ሜዳው ሁሉ ውሃ ነው። ጥልቅ የሆነውን በታንኳ እንሻገራለን፤ የቀረውን በእግር፣ ጭቃው ጉልበታችን እየደረሰ። ደረቅ ስናገኝ ቁጭ ብለን ከባታችን ላይ አልቅት እንነቅላለን። ልጁ በጀርባዬ ነው። ወረታ ስንደርስ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ “ተከሳሹ አልቀረበም” ይላል፤ ሌላ ቀጠሮ ይሰጠናል። እንመለሳለን። እንደገና እንሄዳለን። አንዲት የነጋዴ ሚስት፣ ሙስሊም ናት፣ ከሱቃቸው ደጃፍ ምንጣፍ አንጥፋ ታስቀምጠን ነበር። ውሃ ትሰጠናለች። ለምን እንደምንመላለስ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃን አታውቅም።

መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲሸሽ ሰው ሁሉ ሽንብራና ጓያ ለመዝራት ወጣ። እኛ ገና ቀጠሮ ላይ ነን። አለቃው ቤታችን መጡ። ተቀመጡ ብንላቸውም ቆመው ቀሩ።

“ልጄ፣ የካህን ገመና ዓለማዊ ዳኛ ፊት አይወጣም። እኛ ፈርደናል።”

“አባቴ፣ እናንተ የፈረዳችሁት ለእሱ ነው። ለእሷ ማን ፈረደላት?”

“ከመሰከርሽ አወግዝሻለሁ። የቄስ ሚስት መሆንሽን አትርሺ።”

ባለቤቴ አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬት ያያሉ። አለቃው ሲወጡ ባለቤቴ፣ “ቢቀርብሽስ? አንቺ ምስክር እንጂ ከሳሽ አይደለሽም” አሉኝ።

“ያ ሰው አሁን የት ነው የሚቀድሰው?” አልኳቸው። “እዚያስ ሴት የለችም?”

ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ማለዳ ተነሥተው ጥምጣማቸውን አሰሩ፤ ከኋላችን ተከተሉ።

ዳኛው ከሌላ አገር የመጡ ቀጭን ሰው ነበሩ። ያን ቀን አለቃውም በመጥሪያ ቀርበዋል።

“ተከሳሹ የት ነው ያለው?” አሏቸው ዳኛው።

“ገዳም ገብቷል መሰለኝ። እኛ ንስሐ ሰጥተን ጉዳዩን ጨርሰናል።”

“ንስሐውን እናንተ ስጡት፤ አልነካባችሁም። ወንጀሉ ግን የሕግ ነው። የት ነው ያለው?”

“አላውቅም።”

ባለቤቴ ከኋላ ከሰው መሃል ወጡ። “ጌታዬ፣ እኔ አውቃለሁ” አሉ። “የተላከበትን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።”

“ምን ብለው ጻፉ?”

“ጠባዩ የተመሰገነ ነው ብዬ።”

ላብ በፊታቸው ሲወርድ አያለሁ፤ አልጠረጉትም።

ፖሊስ ሄዶ ገበዙን ከዚያው ከሚያገለግልበት ደብር አመጣው። እኔ መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ ማልኩና ያየሁትን ተናገርኩ። እሷም ተናገረች። አምስት ዓመት ተፈረደበት። ደስ ይላት እንደሆነ ብዬ ዞር ብዬ አየኋት። “አለቀ? ቤታችን እንሂድ?” ብቻ አለችኝ።

አለቃው የተናገሩትን ውግዘት አላደረሱብኝም፤ ምናልባት ዳኛውን ፈርተው ይሆናል። ሹመታቸውም አልተነካም። የተቀጡት ባለቤቴ ናቸው። “የጉባኤ ምስጢር አወጣ” ተብለው ከቅዳሴ ታገዱ። ሁለት ዓመት ከምእመናን ጋር ውጭ ቆመው አስቀደሱ። ከዲቁናቸው ጀምሮ ጧፍ፣ የዕጣን ጽና ወይም መስቀል ሲይዙ የኖሩ ሰው፣ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ግራ ይገባቸው ነበር። አንዴ ያጣጥፉታል፣ አንዴ ወደ ኋላ ያደርጉታል። እኔ ከሴቶቹ በኩል ሆኜ እያየሁ ወደ ሌላ እዞራለሁ።

ኋላ ካህን ሲያንስ ጠሯቸውና ገቡ። ይቅርታ የጠየቃቸው የለም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ገበዙ እስሩን ጨርሶ ሲመጣ ግን አለቃው ወደ አገልግሎት ሊመልሱት አሰቡ። ባለቤቴ “እሱ ከገባ እኔ እወጣለሁ” አሉ። ሌላ ሁለት ቄሶችም አብረዋቸው ቆሙ። ስለዚህ አልገባም። እስኪሞት ድረስ ከቅጥሩ ሥር እየተቀመጠ ያስቀድስ ነበር፤ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም።

ጎረቤቴ ግን አብራው አንድ አጥር ግቢ መግባት አልቻለችም። ላሟን ሸጣ ይፋግ ወረደች፤ ጨውና በርበሬ ትነግድ ጀመር። በገበያ ቀን ስሄድ ከዳሷ ሥር ታስቀምጠኛለች። ስለ ልጆቼ ትጠይቀኛለች፤ ስለ በርበሬ ዋጋ እናወራለን። ያንን ነገር ግን እሷም አላነሳችው፣ እኔም አላነሳሁት። “ትንሽ ተቀመጪ፣ ፀሐዩ ይብረድልሽ” ትለኛለች። እኔም እቀመጣለሁ።