መርዶ ያልመጣበት ቤት

ልጅ እያለሁ፣ ጎሕ ሲቀድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ወደ አንድ ቤት ሲያመሩ ካየን ነገሩ ከሁለት አንዱ ነበር፤ ወይ ልጅ ለትዳር ሊጠይቁ ነው፣ ወይ መርዶ ሊያረዱ። ትልልቆቹ ከአረማመዳቸው ይለዩታል። እኛ ልጆች ግን አይገባንም ነበር።

አንዷለም የጎረቤታችን የእማማ ጥሩዬ ልጅ፣ የእኔም እኩያ ነበር። አባቱ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርደው ገና አልተመለሱም ነበር። አንድ ማለዳ አንዷለም ሽማግሌዎች ደጃቸው ላይ ቆመው አየ። እህቱ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ስለነበር፣ "እማ፣ ሽማግሌ መጣልን" እያለ እየቦረቀ ገባ። እማማ ጥሩዬም አምነው ልጅቷን ጓዳ ሸሸጉ፤ አጎዛ አነጠፉ። "ተቀመጡ" ቢሉ ማንም አልተቀመጠም። ልጅ ጠያቂም እሺ ሳይባል አይቀመጥምና እማማ ፈገግ እንዳሉ ጠበቁ። ከዚያ አብረው የመጡት ቄስ አንገታቸውን ደፍተው፣ "ቻይው ጥሩዬ። ባለቤትሽን እግዜር ወስዶታል" አሉ።

አንዷለም ያን ቀን መቦረቁን ለራሱ ይቅር አላለም። መንደሩ ግን ሥራ ፈትቶ አብሯቸው አለቀሰ፤ መሬታቸውንም በተራ አረሰላቸው። ለአንድ አጫጅ ሞት ያን ያህል ሰው ነበር።

አንዷለም ካደገ በኋላ የታጣቂዎች መሪ ሆነ ይላሉ። እኔ የማውቀው ሐሙሲት ገበያ ላይ ተይዞ መታሰሩን፣ ተፈትቶም አንድ ክረምት ካረሰ በኋላ መጥፋቱን ነው። የቀረውን የሚነግረን ሬዲዮ ነው። አንዴ መሪ አደረገው፣ አንዴ ገደለው፣ ደግሞ አስነሥቶ ገደለው። ጌታችን እንኳ የተነሣው አንዴ ነው።

በቅርቡ ሞቱ እርግጥ ነው ተባለ፤ መርዶ የሚያረዳ ግን ጠፋ። የሄደ ሰው በአንዱ ወገን "የሽፍታ ዘመድ"፣ በሌላው "ሞቱን የተመኘ" ይባላል። ስለዚህ ሽማግሌው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ቤቱ ተቀምጧል፤ እኔም አብሬ። ያንገበግበኛል።

እማማ ጥሩዬ፣ "መርዶ ሳይመጣብኝ አላለቅስም" ብለው ከል ሳይለብሱ ሰነበቱ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን አስቁመው ለልጃቸው ጸሎት ለመኑ። ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ካሉት ጋር ነው ወይስ ካረፉት ጋር የምጠራው?" አሏቸው።

እማማ ዞረው እኛን አዩን። ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

"አንቱ ስመ ክርስትናውን ብቻ ይጥሩልኝ አባቴ" አሉ፤ "የት እንዳለ እግዜር ያውቃል። ሰው እንደሁ አይነግረኝም።"