ማንም የማይቀመጥበት አግዳሚ ወንበር

ቤቴ የገባ ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር የሚሄደው። ወንፊት ሊዋሱ የሚመጡ ሴቶች፣ ፍም ሊጭሩ የሚመጡ ሴቶች፣ «አዲሷን ጎረቤት እንያት» ብለው የሚመጡ ሴቶች፣ ሁሉም በሩን አልፈው ጥቂት ይገቡና አግዳሚ ወንበሬን ያዩታል። ከዚያ እኔን ያዩኛል። ከዚያ እርስ በርስ በሀዲይኛ አንድ ነገር ተባብለው ይወጣሉ። «ተቀመጡ እንጂ» ስላቸው «ኧረ ይሁን፣ ቸኩለናል» ይሉኛል። ቸኩለናል ያሉት ሴቶች አጥሩ ሥር ቆመው ሲያወሩ ያመሻሉ። እኔ የከምባታ ልጅ ነኝ፤ ያኔ ሀዲይኛ አልሰማም ነበር። ስለ እኔ እንደሚያወሩ ለማወቅ ግን ቋንቋ አያስፈልግም።

ከዳምቦያ ወደ ሆሳዕና የመጣሁት ለሥራ ነው። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ሳለ አንድ መሥሪያ ቤት ለጽዳትና ለሻይ አፍሊነት ቀጠረኝ። ቀበሌው ደግሞ ትርፍ ቤት ተብሎ ከተወረሰ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ሰጠኝ። እናቴ ከእንሰት የተሠራ ጅባ፣ አንድ ድስትና አንድ ብርድ ልብስ አሸክማኝ ነበር። ጅባውን መሬት ላይ አንጥፌ ተኛሁ። ወለሉ እርጥብ ስለነበር ጠዋት ስነሳ ጎኔ አይታዘዝልኝም። አልጋ ልጠይቅ አናጢዎች ጋ ሄድኩ። ዋጋውን ሲነግሩኝ ለመከራከር እንኳ አፌ አልተፈታልኝም፤ «እሺ» ብዬ ተመለስኩ፤ የምገዛ ይመስል።

በዚህ መሃል ነው ቀበሌው አሮጌ ዕቃ እየሸጠ ነው ሲባል የሰማሁት። የንብረት ኃላፊው ግቢው ውስጥ ከተከመሩት መሃል አንዱን አግዳሚ አሳየኝ። የዝግባ እንጨት ነው፤ ረጅም፣ መደገፊያ ያለው፣ ብዙ ሰው ተቀምጦበት የለሰለሰ። ከአልጋ በጣም ይረክሳል። ቀን ይቀመጡበታል፣ ማታ ይተኙበታል ብዬ አሰብኩ።

«የማን ነበር?» አልኩት በቀጭን ድምፅ።

«የሰፊው ሕዝብ ነዋ! አንቺ ሕዝብ አይደለሽም እንዴ?» አለና ሳቀ። አብረውት የነበሩትም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ አፈርኩ።

ተሸክመው ያመጡልኝ ሰዎች በሩን እንደምንም አሳለፉት፤ ቤቱ ግን አጠረው። «እህቴ፣ ቤቱን ነው የምናስረዝምልሽ ወይስ መጋዝ እናምጣ?» አለ አንደኛው። እንዲህ ያለ እንጨት በመጋዝ! እምቢ አልኩ። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን አጋድመን አስቀመጥነው። በአሸዋና በሳሙና አሽቼ አጠብኩት። ከመደገፊያው ጀርባ ጠባብ መደርደሪያ ተመቶበት ነበር። የሠራውን አናጢ ባላውቀውም መረቅኩት፤ ለድሃ ያሰበ ሰው ነው ብዬ። ኩራዜን፣ ኩባያዎቼንና የገላ ሳሙናዬን እዚያ ደረደርኩ። ቤት ያለኝ ሰው መሰልኩ። በርጩማ እንኳ ሳይኖረኝ እንግዳ የማስቀምጥበት አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

እንግዳው ግን አልቀመጥ አለ። መጀመሪያ ድህነቴን ንቀው ነው አልኩ። ቀጥሎ ከምባታ ስለሆንኩ ነው አልኩ። ቀጥሎ ራሴን አሸተትኩ። ሆሳዕና ውስጥ ዘመድ የለኝም፤ ብታመም ውሃ የሚያቀብለኝ ጎረቤት ነው፤ ብሞት የሚቀብረኝም ጎረቤት ነው። ቤትህ ገብቶ የማይቀመጥ ጎረቤት ደግሞ ለዚያ ቀን አይገኝም። ይህን እያሰብኩ አግዳሚው ላይ ብቻዬን ተቀምጬ አለቅስ ነበር።

እውነቱን የነገሩኝ ከግቢያችን ማዶ ሱቅ ያላቸው የጉራጌ ሽማግሌ ናቸው። ላምባ ልገዛ ሄጄ ሲቀዱልኝ፣

«አንቺ ልጅ፣ ጸሎት ቤት ገዝተሽ ገባሽበት አሉ?» አሉኝ እየሳቁ።

ግራ ገብቶኝ አየኋቸው። ሳቃቸውን ተዉና በሩን ገልመጥ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ እስላም ነኝ፣ ነገሩ አያገባኝም። ግን ሳታውቂ የገዛሽው መስሎኛል። ከታች ያለው የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ሲታሸግ ቀበሌው ወንበሮቹን አወጣ። ያንቺ ከዚያ ነው። መደርደሪያው መጽሐፍ ቅዱስና መዝሙር የሚያስቀምጡበት ነው። አንቺ ሳሙና አስቀመጥሽበት እያሉ ነው።»

እኔም እኮ እዚያው እምነት ውስጥ ነው ያደግኩት። የእኛም ጸሎት ቤት ተዘግቷል። ግን እኛ የምንቀመጠው በጭቃ መደብ ላይ ነበር፤ መጽሐፍ ያለው ሰው ጉልበቱ ላይ ነበር የሚይዘው። መደርደሪያ ያለው የጸሎት ወንበር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ፊቴ እየነደደ ቀበሌ ሄድኩ። ለንብረት ኃላፊው ወንበሩን ልመልስ አልኩት።

«ምን ሆነ? እግሩ ተሰበረ?»

«አልተሰበረም።»

«ታዲያ ምን ጎደለው?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ወይስ አንቺም ከነሱ ነሽ?» አለ። አሁን አይስቅም። «ያንን ክፍል የሰጠንሽ እኛ ነን፣ ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ» ብዬ ወጣሁ። የሰው የጸሎት ወንበር ወስዶ የሸጠው እሱ ነው፤ አንገቴን ደፍቼ የወጣሁት እኔ። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በማግስቱ ቦኖ ላይ ጎረቤቶቼን አገኘኋቸው። ከመሃላቸው አንዷ፣ ቅቤ የሚነግዱ አሮጊት፣ ከሌሎቹ ጋር ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል። እንደመጣሁ ወሬያቸውን አቆሙ። ያ ዝምታ ነው አፌን የከፈተው። ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

«ለምንድነው ያልነገራችሁኝ?» አልኩ። «ቤቴ ስትመላለሱ አንዳችሁ እንኳ ይህ የእኛ ነው ማለት አቃታችሁ?»

«ምኑን ነው የምትይው?» አለች አንዷ፤ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም።

«ወንበሩን ነዋ!»

አሮጊቷ ክንዴን ያዙኝ። «ቀስ በይ ልጄ፣ ቀስ።»

«ቀስ አልልም! እኔንም አባቴ ጸሎት ቤት ነው ያሳደገኝ።»

ሴቶቹ ወደ ኋላ ወደ ፊት ተገላመጡ። አሮጊቷ ክንዴን አጥብቀው ጨበጡ። «ምን ብለን እንንገርሽ?» አሉ በሹክሹክታ። «ቀበሌ ቤት ሰጠሽ። መንግሥት ሥራ ሰጠሽ። ወንበራችንንም ቀበሌው አስይዞሽ መጣሽ። ማን እንደተቀመጠበት፣ ማን አይቶት እንዳለቀሰ እንድትናገሪ ተልከሽ እንደሆነ በምን እናውቃለን?»

ለካ አልናቁኝም፤ ሰላይ አድርገውኛል! ሻይ ስታቀርብ እጇ የሚንቀጠቀጥ ሴት ሰላይ!

«የእናንተ ከሆነ ኑና ተቀመጡበት» አልኳቸው። «ካልሆነም ፈልጣችሁ ማገዶ አድርጉት። እኔ መሬት ላይ መተኛት አያቅተኝም።» ውሃ ሳልቀዳ ተመለስኩ።

በሳምንቱ አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ እግሬን ስታጠብ አሮጊቷ ደጃፌ ላይ ቆሙ። ግቡ አላልኳቸውም። እሳቸውም አልጠበቁም። ገብተው አግዳሚውን ከዳር እስከ ዳር በመዳፋቸው እየዳሰሱ ሄዱና መጨረሻው ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ፣

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

የእኛ አገር ሰው እንግዳ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም፣ ከዳምቦያ ገበያ ጀርባ ያለውን መንደራችንን እየጠራሁ ነገርኳቸው።

«አያትሽን አውቃቸዋለሁ» አሉ። «ከሳቸው ቅቤ ገዝቻለሁ። አይዋሹም ነበር።»

«ይህን የመጣሁ ዕለት ብትጠይቁኝ ምን ነበረበት?»

«ምንም አልነበረበትም» አሉ። «ፈርተን ነው።»

ብዙ የምናገረው ይዤ ነበር። ስድብ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ግን እኔም ቀበሌው ፊት ቆሜ «አውቃለሁ» ብዬ የወጣሁት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ምን ልላቸው? በእሳቸው እንኳ እንዳልናደድ አደረጉኝ። ንዴቴን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ንዴቴ የሚገባው ሰው ግን ቀበሌው ግቢ ውስጥ የቀሩትን ወንበሮች እያሻሻጠ ነበር።