ፀሐይ እስክትዞር

አባቴ ደሴ ፒያሳ ጨርቅ ይሸጣል። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ በሱቁ በር ሲገባ፣ የጨርቁ ቀለም እንዳይለቅ፣ «ፀሐይ ዞረች፤ አንሺው» ይለኛል። ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ያን ሳምንት ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊዚክስ ልማር ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበርና ልቤ አብጧል።

«ፀሐይ አልዞረችም፤ የዞርነው እኛ ነን» አልኩት።

ከኮምቦልቻ የመጣ የድሮ ወዳጁ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ለእሱም ጭምር ማስረዳት ጀመርኩ፤ ሰው ለብዙ ዘመን ምድር መሃል ቆማ ሰማዩ ሁሉ ይዞራታል ሲል መኖሩን፣ ኋላ ፀሐይን መሃል ያስቀመጡ ሊቃውንት መምጣታቸውን፣ ይህን በማለቱም አንድ ሽማግሌ ተንበርክኮ ቃሉን እንዲያጥፍ መገደዱን። እንግዳው ሳቀ። «ፀሐይዋ ባትዞር ልጅህ ዞረችብህ» አለው።

ነገሩን ያበላሸው ያ ሳቅ ነው። የአባቴ ፊት ጠቆረ።

«ፀሐይ አትዞርም አልሽ? ወላሂ፣ ፀሐይ እስክትዞር ድረስ ከቤቴ አትወጪም።»

አባቴ ወላሂ ካለ አለቀ። በመሐላ አይቀልድም።

እናቴ መላው ቀላል ነው አለችኝ። በእሱ ቤት ፀሐይ በየቀኑ ትዞራለች፤ «ዞረች» ካልኩት መሐላው ይፈታል፣ እሄዳለሁ። እውነቷን ነው። በእኔ ትምህርት ከሄድን ግን እስከ ቂያማ ቤት መቅረቴ ነው። በንዴት አለቀስኩ። ስንት ዓመት የለፋሁበት ነገር በአንዲት ቃል ሊቀርብኝ ነው፤ ቃሏን ብናገር ደግሞ ምኑን ተማርኩት? ያን የተንበረከከ ሽማግሌ ክፍል ውስጥ ፈሪ ነው ስንለው ነበር። ያን ሰሞን አንጀቴን በላው።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ሁሉም ድምፁን ቀንሶ ነው የሚያወራው። ከሰዓት በኋላ አባቴ ጨርቁን ራሱ ያነሳል። እኔን አያዘኝም፣ ቀና ብሎም አያየኝም።

የመሄጃዬ ቀን ጠዋት አውቶብሱ የሚነሳው ከኮምቦልቻ ስለሆነ ጊዜ አልነበረም። አባቴ በሩን ይዞ ቆመ።

«ዞረች ወይስ አልዞረችም?»

እናቴ ከኋላው ሆና በዓይኗ «በይው» ትለኛለች። ቃሏን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ እንቢ አለኝ።

«አልዞረችም፣ አባዬ።»

እናቴ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። አባቴ ጎንበስ ብሎ ሻንጣዬን አነሳ።

«የመሐላዬን ማፍረሻ ከፋራ ትናንት አውጥቻለሁ፤ ሚስኪን አብልቻለሁ» አለ። «ዋሽተሽ ትወጪያለሽ ብዬ ነበር የፈራሁት።»

ባጃጁ ድረስ ተሸከመልኝ። ሻንጣውን ከጎኔ አስቀምጦ፣ እጁን ሳያነሳ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ፀሐይዋ ግን ትዞራለች» አለኝ።