በሽቦ የታሰረችው እጀታ

ወንድሜን ሙነወርን በሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሚያውቀን ሁሉ እሱ ታላቄ ስለሚመስለው ነው። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ሲራመድ መንገዱን የገዛው ይመስላል። ባሌ አብዱልቃኒ ደግሞ ዝምተኛ ነው። ዝምታው ግን የትዕግሥት ሳይሆን የቂም ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ እነዚህን ሁለት ሰዎች ሳነጋግር የኖርኩት እኔ ሸምሲያ ነኝ። ማንም ሥራ ብሎ አይጠራው እንጂ ከሁለቱም ሥራ የኔው ይከብድ ነበር።

የተጣሉት በመኪና ነው። ጦር ሠራዊቱ አገልግሎቷን ጨርሳለች ብሎ በሐራጅ የሸጣት፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ባለ አሥር ጎማ የጭነት መኪና ነበረች። ሙነወር የአባታችንን ሱቅ ሸጠ፤ ባሌ ሉማሜ ያለውን ቤቱን ሸጠ፤ ተጋርተው ገዟት። ሁለት ቤት፣ ዘጠኝ ነፍስ፣ የሚበላው ከሷ ብቻ ነበር። እሷ ከቆመች ሌላ የምንይዘው የለንም። በተገዛች በዓመቷ ባሌ ሮብ ገበያ ላይ ሲያዞራት ከባሕር ዛፍ ጋር አጋጭቶ አንድ መብራቷን ሰበረ። ሙነወር ገበያተኛው ሁሉ እያየ በጥፊ መታው።

ሽማግሌ ተላከ፤ ሼሁ ለመኑ። ሙነወር ይቅርታ አልጠይቅም አለ፤ ባሌ ይቅርታ ካልጠየቀኝ አላነጋግረውም አለ። ድርሻውን ለሌላው የሚሸጥም ጠፋ። ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ ሰለቻቸውና ሳምንት ሳምንት እንዲፈራረቁ ፈረዱ። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቁልፉ በኔ እጅ ይለፍ፣ ሁለቱም ሳይስማሙ ደግሞ ከመኪናዋ ላይ አንዲት ብሎን አትነሳ አሉ።

ከቁልፉ ጋር ቃልም ይላክ ነበር። ሙነወር ደጃፌ ላይ ቆሞ፣ «ለዚያ አህያ ንገሪው፤ ዘይት ሳይጨምር ሞተሬን ሊያቃጥልብኝ ነው» ይላል። እኔ ገብቼ፣ «ዘይቱን አደራህን ተመልከት ብሏል» እላለሁ። ባሌ፣ «ያ ጉረኛ ጎማውን በልቶት መጣ በይው» ይላል። እኔ፣ «ጎማው ሳስቷል፣ ብታየው መልካም ነው ይላል» እላለሁ። ስድብ በሁለቱም በኩል እንደ ጉድ ይጎርፍ ነበር፤ እኔ ዘንድ ደርሶ ይቀራል። ሁለቱም ሌላው ከመጀመሪያው ትንሽ የተሻለ ሰው የሆነ ይመስላቸው ነበር። በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር፤ አልዋሽም።

ሙነወር በተራው ቅቤና እንቁላል ጭኖ አዲስ አበባ ይወርዳል። ባሌ በተራው በጭቃማው የገጠር መንገድ ይጁቤና ሮብ ገበያ እየዞረ እህል ይሰበስባል። ለአንዱ ፍጥነት፣ ለአንዱ ጉልበት ያስፈልገዋል። መኪናዋ ደግሞ የተሠራችው መድፍ እየጎተተች ጭቃ እንድትወጣ ነው፤ አውራ ጎዳናው ላይ ሞተሯ ይጮሃል እንጂ አትሄድም። ኤንትሬ የሚባሉት የጣሊያን መኪኖች ከሷ በኋላ ተነሥተው አቧራ እያለበሷት ያልፋሉ። መርካቶ ስትደርስ ገዢ ተበትኗል፤ ቅቤውም የዓባይ በረሃ አቅልጦት ከቅሉ ወጥቷል። አንድ ቀን የኤንትሬ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ ሙነወርን፣ «ጋሼ፣ ወርደን እንግፋልህ?» አለው።

በ1958 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ ሙነወር በገዛ ተራው ሳምንት፣ ለባሌ ሳይነግር መኪናዋን ጋሽ ቢተው ጋራዥ ወሰዳት። ጋሽ ቢተው ከጣሊያን መካኒክ እግር ሥር ሙያ የለቀመ፣ ቃሉ ጥቂት የሆነ ሰው ነው። እሱ በኋላ እንዳስረዳኝ፣ የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማዎቹ የሚያዞረው ዲፈረንሻል ውስጥ ሁለት ጥርሳም ብረቶች አሉ፤ ትንሹ ፒኞን፣ ትልቁ ኮሮና ይባላል። የኛዋ ፒኞን ስድስት ጥርስ፣ ኮሮናዋ አርባ ነበራት፤ ጎማው አንዴ እስኪዞር ከሞተር የሚመጣው ዘንግ ከስድስት ዙር ተኩል በላይ ይለፋል። ሙነወር ከአዲስ አበባ ፈልጎ ያመጣው ባለ ሰባትና ባለ ሠላሳ ስድስት ነበር። በዚህኛው ዘንጉ አምስት ዙር ጥቂት አለፍ ሲል ጎማው አንዴ ይዞራል፤ ሞተሩ ያንኑ ያህል ጮሆ መኪናዋ ብዙ ትሄዳለች። ጉልበቷ ግን ይቀንሳል።

ችግሩ ሙነወር ያገኘው ለኋለኞቹ ሁለት ዲፈረንሻሎች ብቻ መሆኑ ነው። የፊቱ በድሮው ቀረ። መኪናዋ ጭቃ ሲይዛት አንዲት እጀታ ተስባ የፊት ጎማዎቿም እንዲጎትቱ ይደረጋል። አሁን ግን የኋላዎቹ ፈጥነው የፊቶቹ ዘግይተው ስለሚዞሩ አብረው ከሠሩ እርስ በርስ ይጓተታሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ጉዳት የለውም፤ ደረቅ መሬት ላይ ግን አንድ ነገር መሰበሩ አይቀርም። ጋሽ ቢተው፣ «ወደ ፊት የሚሄደውን ዘንግ ፈትቼ ላውጣውና ነገሩ ይለቅ» አለው። ሙነወር፣ «አንዲት ብሎን ብትጎድል ሽማግሌ ፊት ያቆመኛል፤ ጥርስ ለወጥኩ እንጂ ያነሣሁት የለም ብዬ ነው የምከራከረው» ብሎ እምቢ አለ። ጋሽ ቢተው ቢቸግረው እጀታዋን በወፍራም ሽቦ ጠፍሮ አሰራትና፣ «ለዚያኛው ምክንያቱን አስረድተህ ንገረው» ብሎ አደራ ሰጠው።

ዓርብ መጣ። ሙነወር ቁልፉን ይዞ ደጃፌ ላይ ቆመ። እናታችን ዓይኗ ጠፍቶ ከገና ወዲህ እኔ ቤት ነበረች፤ እሱ የባሌን ቤት አልገባም ብሎ አንዴም አላያትም።

«ግባና እናትህን ሳማት» አልኩት። «ድምፅህን በሰማች ቁጥር ወደ በሩ ትዞራለች።»

«ከዚያ ሰውዬ ጣራ ሥር አልገባም።»

«ለሱ አይደለም የምትገባው።»

«አንቺማ ዘርሽን ረስተሽ የሱ ገረድ ሆነሻል» አለኝ። በዚያ በወፍራም ድምፁ፤ ጎረቤት እየሰማ፤ እናታችን ከውስጥ እየሰማች። «ገረድ ምክር አይሰጠኝም፤ የተላከችውን ታደርሳለች። ንገሪው ለዚያ ወንድ ነኝ ባይ፤ የፊቷን እጀታ እንዳይነካ። አስሬያታለሁ። እኔ ያሰርኩትን የሚፈታበት እጅ የለውም። ጭቃ ከያዘው ሚስቱን ያስገፋ።»

«ለምንድን ነው የማይነካት?»

«ለአህያ ምክንያት አይነገርም» ብሎ ሄደ።

ገረድ ያለኝ ታናሼ ነው፤ እጁን ይዤ ያሳደግኩት። እንደ ልማዴ የሹፌሩን ክፍል ልጠርግ መኪናዋ ላይ ወጣሁና እጀታዋን አየኋት። ሽቦው ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ ጫፉ ልብስ እንዳይዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር። ሙነወር እንዲህ አያስርም፤ እሱ ያሰረው ነገር ሁሉ ጫፉ እንደፈጠጠ ይቀራል። ይህ የጋሽ ቢተው እጅ ነበር። ጋሽ ቢተው ደግሞ ሰው ለማናደድ ሽቦ አያባክንም። ይህን በዚያች ቅጽበት አውቄዋለሁ።

ምሳ አቀረብኩና ባሌ ሲጨርስ መልእክቱን ነገርኩት። ቃል በቃል ነገርኩት። ወንድ ነኝ ባይ የሚለውን፣ እጅ የለውም የሚለውን፣ ሚስቱን ያስገፋ የሚለውን፣ አህያ የሚለውንም፣ ምንም ሳላስቀር። ድምፄን እንኳ እንደ ሙነወር አወፈርኩት። ባሌ እኔ ላይ አልተቆጣም። እጁን ታጠበ፤ ከሣጥኑ ፒንሳ አወጣ፤ በኮቱ ኪስ ከተተ። ፒንሳውን አየሁ። «የጋሽ ቢተው እጅ ነው፣ አትቁረጠው» ማለት በቂ ነበር። ዝም አልኩ። ይለይላቸው ብዬ ዝም አልኩ።

የሆነውን የነገረኝ አብሮት የነበረው ጫኝ ታረቀ ነው። በማግሥቱ ጤፍ ጭነው ከይጁቤ ሲመለሱ ጥቁሩ ጭቃ ያዛቸው። ባሌ ሽቦውን ቆረጠ፤ እጀታዋን ሳበ፤ መኪናዋ እያጓራች ወጣች። ታረቀ ባሌን ሲስቅ ያየው የዚያን ዕለት ብቻ ነው። «አየህ ውሸታሙን» አለው። «ለክፋት ነው ያሰራት።» እጀታዋንም በእልህ እንደተሳበች ተዋት። ከተማው መግቢያ ላይ ድንጋያማው ዳገት ሲጀምር መሪው ከበደ፤ ቀጥሎ ከሥር አንድ ነገር እንደ ጥይት ጮኸ። ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ካምቢዮ ፈንድቶ ነበር። የእጅ ፍሬኗም የተያያዘው ከሱው ጋር ስለነበር አብሮ ሄደ። የእግሩ ፍሬን ብቻውን ያን ሁሉ ጤፍ አልያዘውም። ወደ ኋላ ተንሸራታ ከመንገዱ ዳር ያለ ገደል አፋፍ ላይ ተገለበጠች። ታረቀ ዘለለ፤ የባሌ ግራ እግር በሩ ሥር ቀረ።

ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ሙነወር ሆስፒታል መጣ። አልጋው ግርጌ ቆሞ እኔን ብቻ እያየ፣ «እንዳይነካት ንገሪው አላልኩሽም?» አለ።

«ነገርኩት።»

«ምን ብለሽ?»

«እንዳልከኝ። ቃል በቃል።»

ፊቱ ተለወጠ። ምን ብሎ እንደነበር እያስታወሰ መሆኑ ታወቀኝ።

«አንቺ እኮ...» አለና ቆመ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የምትነግሪው?»

«ሁልጊዜማ እዋሽላችሁ ነበር» አልኩት።

ባሌ ከትራሱ ቀና ብሎ አየኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አደራህን ሲለው የኖረው ወንድሜ ሳይሆን እኔ መሆኔን ያወቀው ያኔ ነው። ሙነወር ከንፈሩን ላሰና፣ «ንገሪው...» ብሎ ጀመረ።

«ራስህ ንገረው» ብዬ ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ የባሌ ድምፅ መጣ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ለሙነወር በቀጥታ ያወጣው የመጀመሪያ ቃል፣ «ውጣ፣ አንተ ውሻ» የሚል ነበር። ሙነወር የመለሰለትን እዚህ አልጽፈውም።

መኪናዋ ለቁራጭ ብረት ሄደች። ሙነወር የሰው ኤንትሬ ሹፌር ሆነ፤ በፈለገው ፍጥነት ይሄዳል። ባሌ ደጃፋችን ላይ ክርና መርፌ ይሸጣል፤ ክራንቹን ከጎኑ አስደግፎ። እናታችን ሙነወር ሳይስማት ሞተች፤ ለቀስተኛው መሃል እንኳ ሁለቱ ተሰዳድበው በሽማግሌ ተገላገሉ። አሁን መልእክተኛ አያስፈልጋቸውም። ባሌ እግሬን የበላው ተንኮሉ ነው ይላል፤ ሙነወር መኪናዬን የበላው እልሁ ነው ይላል።

ስለ ሽቦው አጠማዘዝ ለማንም አልተናገርኩም። የሚጠይቀኝም የለም። ያ ሁሉ ጥል እያላቸው በአንድ ነገር ብቻ ይስማማሉ፤ ሸምሲያ ምንም አላጠፋችም ይላሉ።