ቢላ ከተማ ለቅሶ ላይ የነበረው ሰው

ፍርዱ የተነበበ ቀን ችሎት ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር። ተከሳሹ ግቢ ውስጥ ተከራይቶ ይኖራል፤ ኦሮምኛ ገና እየለመደ ነው። እኔ ወላጆቼ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ ነቀምቴ ሱቅ ከፍተው ስላሳደጉኝ ቋንቋው የአፌ ነው። ዳኛው አንብበው ሲጨርሱ አስተማሪው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ምን አሉ?» አለኝ።

ዞሬ ተከሳሹን አየሁት።

«ዕድሜ ልክ ነው?»

«አይደለም» አልኩት። «ሞት ነው።»

እጁን ክንዴ ላይ አድርጎ ነበር፤ እዚያው እንደያዘኝ ቀረ።

ተከሳሹ ጎረቤቴ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የቡና ማበጠሪያ የሠራተኞች ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። አንዲት ሠራተኛ እጇን ማሽን ሲቆርጣት ሠራተኛውን አስተባብሮ ሥራ አስቆመ። ብዙም ሳይቆይ መጋዘኑ በጠራራ ፀሐይ ተቃጠለ፤ ዘበኛው ከውስጥ ሳይወጣ ሞተ። አንድ ምስክር «ሊቀመንበሩ ጀሪካን ይዞ ሲገባ አይቼዋለሁ» አለ።

መጋዘኑ በተቃጠለበት ቀን ግን ሊቀመንበሩ ከነቀምቴ ራቅ ባለችው በቢላ ከተማ ነበር። የሚስቱ አጎት ሞቶ፣ እኔም ጎረቤት ነኝና አብሬያቸው በአንድ ሚኒባስ ሄጃለሁ። ድንኳን ውስጥ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሳለ ነው ስልኩ የጮኸው። የዘበኛውን መሞት ሲሰማ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። «ያ ዘበኛ እኮ ጓደኛዬ ነው» ብቻ ነው ያለው።

ይህን ሁሉ ምዬ መሰከርኩ። ፍርዱ ላይ ስለ እኔ የተባለው ግን የቅርብ ጎረቤት ስለሆነች ቃሏ አይታመንም የሚል ነው። ለቀስተኞቹም ዘመድ ናቸው ተብለው ታለፉ። ፊት ለፊቴ ያየሁትን ሰው እዚያ አልነበረም ሲሉኝ፣ ከችሎት ወጥቼ እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን እየከፈትኩ ሚስቱ ስንቄዋን ይዛ በመንገዱ ስትወርድ አየኋት። ስንቄ የኦሮሞ ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። ተበደልኩ ብላ ይዛው ከወጣች፣ የሰሙ ሴቶች ይከተሏታል።

«ኣዴ፣ ወዴት ነው?» አልኳት፤ በኦሮምኛ «እናቴ» እንደ ማለት ነው።

«ወደ ፍርድ ቤት። አትመጪም?»

«እኔ እኮ ስንቄ የለኝም።»

«እግር አለሽ አይደል?»

ሱቁን መልሼ ዘግቼ ተከተልኳት። ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ከየሰፈሩ ወጡ። ለገበያ ከጉቴ የመጡት እንኳ ዕቃቸውን አደራ ሰጥተው ተቀላቀሉን። «ሰውየው ይፈታ» እያልን ፍርድ ቤቱ አጠገብ ስንደርስ ፖሊሶች መንገዱን ዘግተዋል። አዛዡ፣ «እናቶቼ፣ ተመለሱ» አለ፤ ድምፁ የቁጣ አልነበረም።

ከኋላችን ጥቁር የለበሰች ሴት ሰዉን እየገፋች መጣች። የዘበኛው ሚስት ናት። ክሱ ሲሰማ ሁልጊዜ ከዐቃቤ ሕጉ ኋላ ትቀመጥ ነበር። የሊቀመንበሩን ሚስት ልትመታት መስሎኝ መሃል ገባሁ። እሷ ግን አልፋኝ ሄዳ አጠገቧ ቆመች።

«የሞተው ባሌ ነው» አለችው አዛዡን። «ይሄ ሰው አልገደለውም።»

አዛዡ መሬት መሬት አየ። «ኣዴ፣ ይሄን ለእኔ አይንገሩኝ» አላት።

ወዲያው ከጎን አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ። ማን እንዳዘዘ አላየሁም። እናቴን የሚያካክሉ ሴቶች አስፋልት ላይ ሲወድቁ አየሁ፤ ነጠላና ጫማ መንገዱ ላይ ተበተነ። ሁለቱን ሴቶች እየጎተትኩ አንድ ፀጉር ቤት ገባሁ። ባለቤቱ በሩን ዘግቶ ዓይናችንን በውሃ አጠበልን።

የሊቀመንበሩ ሚስት ሳሏ በረድ ሲልላት፣ «ለምን ከእኔ ጋር ቆምሽ?» አለቻት።

«ባሌ ከመሞቱ በፊት ደውሎልኝ ነበር» አለች ሴትየዋ። «የማላውቃቸው ሰዎች መጋዘን ገብተዋል አለኝ። ያንቺ ባል ቢሆን አያውቀውም ነበር? አብረው ምሳ የሚበሉ ሰዎች ናቸው። ለፖሊስ ነግሬያለሁ። ችሎት ይጠሩኛል ብዬ ስጠብቅ ሳይጠሩኝ ፈረዱ።»

እኔ ያልታመንኩ ምስክር ነኝ ብዬ ስብሰለሰል፣ ጭራሽ ችሎት ያልተጠራች ምስክር አጠገቤ ተቀምጣ ዓይኗን ትጠርጋለች።

የሊቀመንበሩ ጠበቃ የዘበኛውን ሚስት ቃል ይዞ ይግባኝ አለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሞት ቅጣቱን አግዶ፣ ምስክሮች እንደገና ይሰሙ ብሎ መዝገቡን መለሰው። በዚያ ሰልፍ ፖሊስ ይዞ ያሰራቸው ሴቶችም ተፈቱ፤ ሊቀመንበሩ ግን አልተፈታም።

ባለፈው እሑድ ሁለቱ ሴቶችና እኔ እስር ቤት ልንጠይቀው ሄድን። የዘበኛውን ሚስት ከሽቦው ማዶ ሲያያት ወደ ሽቦው ተጠጋ። «ልጆቹ እንዴት ናቸው?» አላት።

«ደህና ናቸው» አለችው። «ትልቋ ትምህርት ጀምራለች።»

እሱም ስለ ታናናሾቹ ጠየቃት፤ ጠባቂው ሰዓት ደርሷል እስኪለን ድረስ። ምስክሮች የሚሰሙበት ቀጠሮ እስካሁን አልተቆረጠም።